የኢዮብ የፊተኞቹ ልጆች

አንድ ደብር ውስጥ ረቡዕ ረቡዕ ከሥራ በኋላ የሚሰበሰቡ አዋቂዎች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ነበራቸው። ነርሷም፣ ልብስ ሰፊውም፣ ባለታክሲውም፣ ጡረታ የወጣው ዳኛም ይመጣሉ። መምህራቸው የኔታ ጥዑመ ልሳን ብሉይና ሐዲስ የተማሩ፣ የሌላ አገር ሊቃውንት የጻፉትንም ሳይንቁ ያነበቡ ሰው ናቸው። ጥናቱን ያስጀመሩትም «እዚህ ቤት መጠየቅ አያስኮንንም» ብለው ነው። በፊት በፊት አንድ ቁጥር ይዘው ሙሉ ምሽት ሲከራከሩ ደስ ይላቸው ነበር። ግን ዓመታት አለፉ፤ ጉልበት ከዳ፤ ጥያቄው አላለቀም። እንዲያው የሰው ጥያቄ መቼ ያልቃል? የደብሩ አለቃ ደግሞ «ኧረ የኔታ፣ ሕዝቡን አያወዛግቡት፤ ቁርጡን ነግረው ያሰናብቱት» እያሉ ይነዘንዟቸዋል። እሳቸውም ደከማቸውና ቁርጥ ቁርጡን ተናግሮ መነሳት ለመዱ።

አንድ ረቡዕ መጽሐፈ ኢዮብን ጨረሱ። ከኋላ የምትቀመጥ፣ ብዙም የማትናገር ትርንጎ የምትባል ሴት እጇን አወጣች።

«የኔታ፣ እግዚአብሔር ለኢዮብ በጉንም ግመሉንም እጥፍ አድርጎ መለሰለት። ልጆቹ ግን ያው አሥር ናቸው። እነዚያ የሞቱትስ...»

የኔታ አላስጨረሷትም። መልሱን ከተማሪ ቤት ጀምሮ ያውቁታል። «ልጄ፣ ከብቱ ጠፍቷልና በእጥፍ ተተካ። ልጆቹ ግን በነፍስ ሕያዋን ናቸው፤ አልጠፉም። አሥሩ በሰማይ፣ አሥሩ በምድር። ይኸው እጥፍ ሆነ!»

መልሱ ያምራል፤ እውነትም ነው። ቤቱ በአንድ ድምፅ «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» አለ። ይህ ከተባለ በኋላ ደግሞ ማን ደፍሮ ይናገራል? ጸሎት ተደረገና ተበተኑ። ትርንጎ በሚቀጥለው ረቡዕ አልመጣችም። ከዚያም በኋላ ቀረች።

የኔታ ስለ እሷ ቢጠይቁ ጎረቤቷ የሆነችው ነርስ አዘነችባቸው። «አልሰሙም እንዴ የኔታ? ሁለት ልጆቿን በአንድ ክረምት ቀብራለች እኮ። አሁን የቀረቻት ከዚያ በኋላ የተወለደች አንዲት ትንሽ ልጅ ናት።»

የኔታ ክው አሉ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል፤ ምን ይደረግ፣ ያንን የዛለ እግራቸውን እየጎተቱ ቤቷ ሄዱ።

«ልጄ፣ ያን ቀን ጥያቄሽን አቋርጬብሻለሁ። እስቲ አሁን ጨርሺው» አሏት።

«በሰማይ መኖራቸውንማ አውቃለሁ የኔታ። የለቅሶው ዕለት ስንቱ ነገረኝ። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። የኋለኞቹ ሴቶች ልጆቹ ስማቸው ተጽፏል። የፊተኞቹ ግን አንዳቸውም ስም የላቸውም። ኢዮብ ረስቷቸው ነው? ወይስ እንደ እኔ አዲሶቹን በሟቾቹ ስም እየጠራ ይሳሳት ነበር? ይቺን ልጅ በእህቷ ስም እጠራትና ‹እኔ እሷ አይደለሁም› ብላ ታለቅሳለች። እግዚአብሔር የሰጠኝን የናቅሁ እየመሰለኝ ፈራሁ። ከቁርባንም ራቅሁ።»

የኔታ አንድም፣ አንድም እያሉ የሚደረድሩት ትርጓሜ ሞልቷቸዋል። ለዚህኛው ግን አንድም አጡ።

«አላውቅም ልጄ። መጽሐፉ አልነገረንም» አሉ። ቀጥለውም «ያንቺዎቹስ ስማቸው ማን ነበር?» አሏት።

ትርንጎ ቀና ብላ አየቻቸው። ከቀብሩ ወዲህ ይህን የጠየቃት ሰው የለም፤ አጽናኙ ሁሉ ስማቸውን እየዘለለ ነበር የሚያጽናናት። «ሳምራዊትና ናሆም» አለች። ሳምራዊት ወተት ስታይ አፍንጫዋን እንደምትይዝ፣ ናሆም ጫማዬን ግራና ቀኙን ካላለዋወጥሁ አላደርግም እንደሚል እየሳቀችም እያለቀሰችም አወራች። የኔታ እስክትጨርስ ሰሟት።

ሲነሱ «ብትረሻቸው ኖሮ ባልተሳሳትሽ» አሏት። «ይሄ ፍቅር ነው እንጂ ንቀት አይደለም። ልጅሽን ይዘሽ ነይና ቁረቢ።»

እሑድ ትንሿን ልጅ በእጇ ይዛ መጣች።

ወገኖቼ፣ ስሕተት ብቻ አይደለም ሰው የሚያባርረው፤ ትክክለኛ መልስም ያባርራል። ድካም ክፉ ነው። የደከመው ሰው የሚመልሰው ጠያቂውን ለማሳረፍ ሳይሆን ከጠያቂው ለመገላገል ነው። መማር ማለት መልስ ማከማቸት ብቻ ሳይሆን የሰውን ጥያቄ እስከ መጨረሻው መስማት ነው። የደከመው ይረፍ፣ «ለሳምንት ይቆየን» ይበል፤ ነውር የለበትም። እናንተስ? መልሱን ስለምታውቁ ብቻ ያላስጨረሳችሁት ሰው ማን ነው?