ዜማ ደራሲውና አዳራሽ ጠራጊዋ

አንድ ዜማ ደራሲ ነበረ፤ ለፊልም ሙዚቃ የሚሠራ። ልጄ፣ «በሽተኛውን ቀን ከሌት የማስታምመው እኔ ነርሷ፣ የሚመሰገነው ሐኪሙ፤ ታዲያ ድካሜ ምን ዋጋ አለው?» ስላልሽኝ ነው ይህን የምነግርሽ።

ይህ ሰው ሃያ ዓመት ሙሉ ሙዚቃውን ከሰው ንግግር ሥር ሲያነጥፍ ኖረ። ሕዝቡ ተዋናዮቹን ያቅፋል፤ እሱን ዘወር ብሎ ያየው የለም። ነገሩ አንገበገበው። በመጨረሻ አንዲት እናት የልጇን መርዶ የምትሰማበት ፊልም ደረሰው። «አሁንስ ይሰሙኛል!» አለና ማሲንቆውንም፣ ዋሽንቱንም፣ ቫዮሊኑንም ደርቦ አንጀት የሚበላ ዜማ ሠራ። በዕድሜው እንዲያ ያለ ወጥቶለት አያውቅም።

ፊልሙ ለሙከራ ታየ። መርዶ ላይ ይጨበጨባል? ተመልካቾቹ ግን ለዜማው አጨበጨቡ! ዳይሬክተሩም አቅፎት «በቃ፣ ስምህን ፖስተሩ ላይ በትልቁ አወጣዋለሁ» አለው። ሰውየው በደስታ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው።

ሰው ሲወጣ፣ አዳራሹን የሚጠርጉ አንዲት አሮጊት መጥረጊያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። «የኔ ልጅ፣ ዜማህ አጥንት ይሰረስራል፤ እጅህ ይባረክ» አሉት። «ግን እናትየው መርዶውን ስትሰማ ምን አለች? እኔም ልጅ ቀብሬአለሁ። ልሰማት ፈልጌ ዜማህ ዋጠብኝ።»

ሰውየው የእናትየውን ቃል ለማስታወስ ሞከረ። ያን ሁሉ ቀን ፊልሙን ሲያይ፣ ለካ እሱም አልሰማትም! ወደ ስቱዲዮው ተመልሶ ያን የሚወደውን ዜማ እያለቀሰ ቆራረጠው። ቫዮሊኑ ወጣ፣ ዋሽንቱ ወጣ፤ አንድ ማሲንቆ ብቻ፣ እሱም ከሩቅ፣ ቀረ። ዳይሬክተሩ «አበድክ እንዴ? እጅህ የገባውን ስም!» ቢለው አልሰማም።

ፊልሙ ሲመረቅ አሮጊቷን አጠገቡ አስቀመጣቸው። መርዶው ሲነገራት እናትየው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ «ጫማውን ማን አወለቀለት?»

አሮጊቷ ተንሰቀሰቁ። «እኔም ይህንኑ ነበር የጠየቅሁት፤ ሰው ሁሉ ዝም አለኝ» አሉ።

«ሙዚቃውስ፣ እማማ?» አላቸው ቀስ ብሎ።

«ሙዚቃ ነበረው እንዴ?»

ሰውየው እያለቀሰ ሳቀ፤ ዝቅ ብሎም ጉልበታቸውን ሳመ። እስኪሞት ድረስ እሳቸውን ሳያመሰግን የዋለበት ቀን የለም። «ሥራዬን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው» ይል ነበር።

አንቺም እንደሱ ነሽ፣ ልጄ። ያ በቃሬዛ የገባው ሰውዬ አንቺን ረስቶ፣ ሐኪሙን እየመረቀ ሲወጣ አትቀየሚው። በእግሩ ሲሄድ እዪውና ተመስገን በይ።