ጸጥ ያለው ጠርሙስ

አንድ መንደር ውስጥ ምላስን ቆንጠጥ የሚያደርግ፣ ጋዝ ያለው ውሃ የሚፈልቅበት ምንጭ ነበር። እማማ አልጋነሽ የሚባሉ ሴት ይህን ውሃ በጠርሙስ እየሞሉ፣ በቡሽ እየደፈኑ ለመንገደኛ ይሸጡ ነበር። የሚኖሩት ከልጃቸው ከጌጡና ከምራታቸው ከትርንጎ ጋር ነው።

ጌጡ በድንገተኛ ሕመም ሞተ። አገር ምድሩ አለቀሰ፤ ትርንጎ ግን አንዲት ዘለላ እንባ አላፈሰሰችም። ቀን ለቀስተኛ ታስተናግዳለች፣ ሲመሽ አማቷን ደግፋ ታስተኛለች። ሠልስቱ አለፈ፣ ሰባቱም አለፈ፤ ዓይኗ እንደደረቀ ነው። በዚያ መንደር ደግሞ ለባሏ ያላለቀሰች ሴት ባሏን እንዳልወደደች ይቆጠራል።

አርባው ሊደርስ ሲል የሟች አክስት እትዬ ዘነቡ መጡ። እማማ አልጋነሽን ጠርሙስ ሲደፍኑ አገኟቸው።

"ይህች ልጅ ድንጋይ ናት" አሉ ገና ሳይቀመጡ። "ድመት እንኳ ልጇ የሞተባት እንደሆነ ትጮኻለች! አርባው እንዳለፈ ጓዟን ጠቅልላ ወደ እናቷ ቤት ትሂድ። ዘመዱ ሁሉ ተስማምቷል፤ የቀረሽው አንቺ ነሽ።"

እማማ አልጋነሽ የያዙትን ጠርሙስ ደፍነው ጨረሱ። ትርንጎ ከሄደች በዚያ ቤት የሚቀሩት ብቻቸውን ነው። ግን ጥርጣሬው በእርሳቸውም ልብ ገብቶ ነበር፤ ልጃቸውን ያልወደደችን ሴት እንዴት አቅፈው ይኑሩ?

በእጃቸው የያዙትን ጠርሙስ ወደ ፀሐይ አነሱት። ውሃው ጸጥ ብሏል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያዩት ነገር ነው፤ ያን ቀን ግን ትኩር ብለው አዩት።

"ዘነቡ፣ እዚህ ውስጥ አረፋ ይታይሻል?"

"ምን አረፋ አለው? የሞተ ውሃ ነው።"

እማማ አልጋነሽ ቡሹን ቀስ አድርገው ነቀሉት። ጠርሙሱ ትስስ አለ፤ ከግርጌው ጥቃቅን አረፋዎች እየተከታተሉ ወደ ላይ ወጡ።

"አሁን ከየት መጡ?" አሉ እትዬ ዘነቡ።

"እዚያው ነበሩ። ክዳኑ ሲጫነው ጋዙ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ይቀመጣል፤ አይታይም። እኔ ያልጠየቅሁት ልጅቷን የተጫናት ምን እንደሆነ ነው።"

"እንግዲያው ጠርተን እናፋጥጣት፤ ትናገር!"

"የተናጠ ጠርሙስ ሲከፈት ግማሹ መሬት ይፈሳል። ተይ፣ ቀስ ብዬ እጠይቃታለሁ።"

ትርንጎ ምንጩ ዳር ጠርሙስ ታጥባለች። እማማ አልጋነሽ አጠገቧ ተቀምጠው እርጥብ እጇን ያዙ፤ እትዬ ዘነቡም ተከትለው መጥተው ከኋላ ቆሙ።

"ትርንጎዬ፣ ጌጡ ናፈቀኝ። አንቺስ?"

ትርንጎ የምታጥበውን ጠርሙስ መሬት አስቀመጠች።

"እማዬ፣ ልብዎ ደካማ ነው አሉኝ። 'በፊቷ ካለቀስሽ ልጇን ትከተለዋለች፤ ቤቱ ሁለት ሬሳ ያወጣል' ብለው አስጠነቀቁኝ።"

"ማን ነው እንዲህ ያለሽ?"

ትርንጎ አቀረቀረች። ከኋላ የቆሙት እትዬ ዘነቡ ግን አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ። በቀብሩ ዕለት ለእማማ አልጋነሽ ሰግተው እርሳቸው ራሳቸው የተናገሩት ነበር፤ ተናግረው ረስተውታል።

"ልጄን ቀብሬ እንኳ ይኸው አለሁ" አሉ እማማ አልጋነሽ። "ያንቺ እንባ አይገድለኝም። የትም አትሄጂም። አልቅሺ፣ ልጄ።"

ትርንጎ መጀመሪያ በረዥሙ ተነፈሰች። ከዚያ አማቷ ጭን ላይ ተደፍታ እስኪወጣላት አለቀሰች። እትዬ ዘነቡ ለማጽናናት አልደፈሩም፤ እጅጌያቸውን ሰብስበው የቀሩትን ጠርሙሶች ያጥቡ ጀመር።

ዝም ያለ ሰው ስናይ ባዶ ነው ብለን ለመፍረድ እንቸኩላለን። ብዙዎች ግን ዝም የሚሉት ስለማይሰማቸው ሳይሆን የሚወዱትን ሰው እንዳይጎዱ ፈርተው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ማፋጠጥ አይጠቅመውም። አጠገቡ ተቀምጠን የራሳችንን ሐዘን ብንነግረው፣ የእርሱም መውጫ ያገኛል።

በእናንተስ ቤት ዝም ያለ ሰው አለ? ዝም ያለው ለእናንተ ሲል ቢሆንስ?