የውሃ ዳኛውና ሁለቱ ሽንኩርቶች

አንድ የውሃ ዳኛ ነበረ። የመንደሩን መስኖ በተራ የሚያከፋፍለው እሱ ነው። ከአባቱ የወረሰው ሕግ «ውሃው የሁሉም ነው፤ ሁሉም እኩል ያጠጣ» ይላል።

አንድ ቀን አንድ ባለጸጋ መጥቶ ከሰሰ። «ሽንኩርት የተከለ በሦስት ቀን ያጠጣል፤ እኔ በቆሎ የዘራሁት በሳምንት። እኩልነቱ የታለ?» አለ።

ዳኛው አልተቸገረም። «የሽንኩርት ሥር ከላይ ከላይ ነው፤ ቶሎ ይጠማል። አንተም ሽንኩርት ብትተክል በሦስት ቀን ታጠጣለህ» ብሎ ሸኘው።

ወዲያው አንዲት ሸክላ ሠሪ መጣች። እሷም ሽንኩርት ተክላለች። ነገር ግን ሸክላ ሠሪ ከሁሉ በኋላ ያጠጣ የሚል ልማድ ስለነበረ፣ ተራው እሷ ጋ ሲደርስ ቦዩ ይደርቃል። «አባቴ፣ ሽንኩርቱ የዓመት ቀለቤ ነው፤ ውሃ ካላገኘ ከዚህ ሳምንት አያልፍም» አለች።

ከዳኛው ጋር የተቀመጡት የመንደሩ ሽማግሌዎች አጉረመረሙ። «ሸክላ ሠሪ ቀድማ የነካችው ውሃ ይነጥፋል!»

«በእኔ እንስራ ስትቀዱትስ መቼ ነጠፈ?» አለች።

ዳኛው ፈራ። ልማዱን ሃያ ዓመት ሲያስፈጽም ምክንያቱን ጠይቆ አያውቅም። ቢሽረው ደግሞ ሽማግሌዎቹ ከዳኝነቱ ያወርዱታል። ተነሣና ከእሷ ማሳ አንድ ሽንኩርት፣ ከጎረቤቷ ማሳ አንድ ሽንኩርት ነቅሎ አምጥቶ ፊታቸው አኖረ።

«የሸክላ ሠሪዋ የትኛው ነው?»

«ይሄማ ምን ጥያቄ አለው! ጠውላጋው ነዋ!» ብለው ሳቁ።

«ያጠወለገው እጇ ነው ወይስ የእኛ ልማድ?»

አንዱ ሽማግሌ ሽንኩርቱን አገላብጦ አየና፣ «እጇስ አይደለም» አለ ቀስ ብሎ። ዳኛው አካፋውን አንሥቶ ውሃውን ወደ ሴትዮዋ ማሳ መለሰው። በሳምንቱ ቅጠሉ ቀና አለ፤ ውሃውም አልነጠፈም።

አንድ መምህር ይህን ተረት ተናግረው ወደ ተማሪያቸው ዞሩ። «ሕገ መንግሥቱ ሁላችንም እኩል ነን ካለ፣ ፍርድ ቤት አንዱን ልዩነት አጽድቆ ሌላውን ለምን ይሽራል ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር፣ ልጄ። የፍርድ ቤት ዳኛም እንደዚሁ ነው። ልዩነቱን ሲያይ፣ ሕጉ ከቆመለት ነገር ጋር ምን አገናኘው ብሎ ይጠይቃል። የሰብሉ ልዩነት ከውሃው ጋር ይገናኛል፤ የሸክላው ግን አይገናኝም። ያ የውሃ ዳኛ ሃያ ዓመት ያልጠየቀውን የጠየቀው ደግሞ እሷ መጥታ ስለተናገረች ነው። አንቺም እንዲህ ያለ በደል ሲደርስብሽ ተናገሪ።»