የትርንጎ የመጀመሪያ ቤት

…ኧረ ቆዩ፣ ሳቄን ልጨርስ። ሁለት ጢማም ወንድሞቼ ከቁርበት በማትሰፋ፣ በጠመኔ በተሰመረች ቤት ሲጣሉ ብታዩ እናንተስ ሆዳችሁን አትይዙም ነበር? ዋናው ግን ገና ነው። ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

በአንድ ወቅት፣ ሩቅ እንዳይመስላችሁ፣ እዚሁ እኛ ከተማ፣ ትርንጎ የምትባል የእህቴ ልጅ ነበረች። እግሮቿ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አይታዘዟትም፤ የምትሄደው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። የትምህርት ቤቷ መጫወቻ ደግሞ ከክፍሎቹ በታች ነው። በደረጃ ይወረዳል፣ ከደረጃው ቀጥሎ ኮረት ነው። ስለዚህ በዕረፍት ሰዓት ትርንጎ በረንዳው ጫፍ ላይ ትቀራለች። ልጆቹ ክፉ አይደሉም። ሹራባቸውን እያወለቁ ጭኗ ላይ ይከምሩና «ጠብቂልን» ብለዋት ይበራሉ። እሷም እስከ አገጯ በሹራብ ተቀብራ ትጠብቃለች። ሲሰለቻት ጠጠር እየወረወረች ከኋላዋ ያለ ቆርቆሮ ውስጥ ትከታለች። እያደር ዞራ ሳታይ ሁሉ መክተት ጀመረች። ያንን ልብ ያለላት ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ለአጎቶቿ «ሰኞ ማክሰኞ አንዴ ብጫወት ደስ ይለኝ ነበር» አለቻቸው። አላለቀሰችም፣ አልደገመችውም።

ሰኞ ማክሰኞን የማያውቅ የለም። ድንጋይ ትወረውሪያለሽ፣ መስመር ሳትነኪ በአንድ እግር ታነክሻለሽ፣ ዙሩን ስትጨርሺ ጀርባሽን ሰጥተሽ ድንጋዩን በራስሽ ላይ አሳልፈሽ ትወረውሪያለሽ፤ ያረፈበት ቤትሽ ነው። በእኛ ከተማ ግን አንድ ሕግ አለ። የመጀመሪያ ቤት ለራስ አይያዝም። ለጨዋታው ላበቃሽ ሰው ትሰጪዋለሽ፣ ስሙ ይጻፍበታል፣ እሱም በሁለት እግሩ ይቆምበታል፤ ሌላው ዘሎት ያልፋል። ለሁለት ሰው መስጠት የለም። እኔ የእኔን ለእናቴ ነበር የሰጠኋት፤ ከገበያ ስትመለስ ዘንቢሏን እንደያዘች መጥታ ቆመችበት። እስከ ዛሬ ሳስበው ደረቴ ይነፋል።

ታናሽ ወንድሜ ጥጋቡ ግንበኛ ነው። ቅዳሜ በጠዋት መዶሻውን ተሸክሞ ትምህርት ቤቱ ገባና ማንንም ሳያስፈቅድ ደረጃውን አፈራረሰው። ርእሰ መምህሩ እየሮጡ መጡ። ደረጃው በወላጆች መዋጮ የተሠራ እንደሆነ፣ በዚህ እንደሚያሳስሩት ነገሩት። ጥጋቡ ላቡን ጠረገና «እስር ቤቱ ደረጃ ከሌለው ትርንጎ መጥታ ትጠይቀኛለች» አላቸው። ሰውዬው ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ከሳቁ በኋላ ደግሞ መቆጣት አልሆነላቸውም። እሱም በደረጃው ፈንታ ቀስ እያለ የሚወርድ መንገድ ሠራ፤ ኮረቱን ደልድሎ ሲሚንቶ አለበሰው። ውሃ ብታፈሱበት ወዴት ልሂድ ብሎ ግራ የሚገባው ሜዳ ሆነ። ልጆቹ ገና ሲደርቅ ወረሩት፣ ቤታቸውንም አሰመሩ።

ትርንጎ ግን አሁንም በረንዳ ላይ ናት። ወንበሯ በእርዳታ የመጣ፣ ለትልቅ ሰው የተሠራ ነው፤ ለመዞር ብቻ ግማሽ ሜዳ ይፈልጋል። ታላቅ ወንድሜ ደምለው በያጅ ነው። ወንበሩን ወስዶ በግራይንደር ለሁለት ከፈለው። ሌላ ወንበር ከየትም አይመጣም፤ ቢበላሽ ልጅቷ ቤት መዋሏ ነው። እህቴ «እግሯን ቆረጥከው!» ብላ ጮኸችበት። እሱ የብየዳ መነጽሩን አጠለቀ። ከሱቁ ሳይወጣ ሰነበተና የብስክሌት ጎማ ያለው፣ ጠበብ ያለ ወንበር እየገፋ መጣ። ትርንጎ ጎማውን በጣቷ ነካ አደረገችው፤ በቆመበት ዞረ። ደግማ ነካችው፤ ደግሞ ዞረ። እህቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ቀረች።

በቀጣዩ ሰኞ ሁላችንም ሄድን። ትርንጎ መንገዱን ብቻዋን ወረደችው፤ ማንም አልገፋትም። ርእሰ መምህሩም ከቢሯቸው ወጥተው አዩ። ሜዳው ላይ ደርሳ ቆመች። ይኼኔ ደወሉ ተደወለ፤ ልጆቹ እየሮጡ መጡና እንደ ልማዳቸው ሹራባቸውን አውልቀው ጭኗ ላይ ከመሩላት።

መሬቱ ተስተካክሏል፣ ወንበሩ ተስተካክሏል፣ ልጅቷ ግን ያው ሹራብ ጠባቂ። ወንድሞቼ እጃቸው የሚይዘውን አጣ። ትርንጎም አንገቷን ደፍታ ሹራቦቹን ማጠፍ ጀመረች።

እማዋይሽ የምትባል የክፍሏ ልጅ አለች። በሩጫ የሚደርስባት የለም፤ በዚያ ሰሞን ሦስት ቤት ይዛ ሜዳው የእሷ ሆኖ ነበር። ከጨዋታ የወጣ ሰው ደግሞ ቤቱ ይጠፋል፤ ሕጉ ነው። ይህች ልጅ መጣችና ሹራቦቹን ከትርንጎ ጭን ላይ በሙሉ አቅፋ አነሳች። ግንቡ ጥግ ሄዳ ተቀመጠችና ራሷ ላይ ከመረቻቸው።

«ዛሬ ጠባቂዋ እኔ ነኝ። አንቺ ግቢ» አለቻት።

ልጆቹ ሦስቱንም ቤቶቿን በጫማቸው አጠፉ። ቁጭ ብላ አየች። አንዱ ልጅ ትርንጎ እንዴት ትጫወታለች፣ ሕጉ በአንድ እግር ነው ብሎ ተከራከረ። እማዋይሽ ከሹራቡ ውስጥ አንገቷን ብቅ አድርጋ «አንተ በአንድ እግር ነው፣ እሷ ያለ እግር ናት። የማን ይከብዳል?» አለችው። ልጁም ጠመኔ አነሳ፤ ቤቶቹንም ሰፋ አድርገው አሰመሩላት።

እናንተዬ፣ ከዚያ በኋላ ያየሁትን እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ። ጎማዋ አንድ መስመር አልነካም። ጫፍ ላይ ስትደርስ በቆመችበት ዞረች፣ ጎንበስ ብላ ድንጋዩን አነሳች፣ ተመለሰች። ከዚያ ጀርባዋን ሰጠችና፣ ያኔ ቆርቆሮው ውስጥ እንደምትከተው፣ ድንጋዩን በራሷ ላይ አሳልፋ ወረወረችው። ሄዶ አንዷ ቤት መሃል ላይ ቁጭ አለ። ልጆቹ ድንጋዩን ለማየት ተንጋጉ። እኔም ሴትዮዋ እልልታዬን አቀለጥኩት።

ቀድሞ ወደ ቤቷ የሄደው ጥጋቡ ነው። ሜዳ ባይኖር ቤቱ የት ሊሰመር ነበር ብሎ ጫማውን ማውለቅ ያዘ። ደምለው ክንዱን ያዘው፤ ሜዳውማ ለሁሉም ነው የተሠራው፣ ለእሷ ብቻ ተብሎ የተሠራው ወንበሩ ነው አለ። ይኼኔ ነው ሳቅ የገደለኝ፤ የሁለት ቤተሰብ አባወራዎች ለጠመኔ ቤት ሲጓተቱ! ልጆቹ በበኩላቸው መንገድም ወንበርም ኖሮ ሹራብ ስትጠብቅ አልነበር ወይ እያሉ «ለእማዋይሽ፣ ለእማዋይሽ» አሉ። እሷ ግን «እኔን ተዉኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ብላ አንድ እጅጌ አጠፈች።

ትርንጎ ጠመኔውን ይዛ ቤቷ ውስጥ ገባች። ጥጋቡን አየችው። ደምለውን አየችው። እማዋይሽን አየቻት። ጎንበስ አለችና ሳትጽፍ ተመልሳ ቀና አለች። ከዚያ ወደ እኛ፣ ከዳር ወደቆምነው ዞረችና እንዲህ አለች፦

«ሦስቱም ባይኖሩ እዚህ አልደርስም ነበር። ቤቴ ግን አንድ ነው። እስቲ እናንተ ንገሩኝ፣ ለማን ነው የሚገባው?»