የባለ አንድ በሬው ድጎማ

በረዶ ሰብሉን ለደበደበበት ቀበሌ የመንግሥት ድጎማ መጣ። የወረዳው አስተዳዳሪ አቶ ጥላዬ ገበሬውን ሰብስበው፣ «ድጎማው ጥማድ በሬ ላለው ብቻ ነው። ጥማድ የሌለው ገበሬ አይባልም!» አሉ። ይህን መመሪያ ማን እንዳወጣው እግዜር ይወቀው።

አንድ አፈ ስል ገበሬ ብድግ አለ። አቶ ጥላዬ ለጉብኝት በመጡ ቁጥር ምሳ የሚበሉት እሱ ቤት ነው፤ ሲመለሱም ጤፉን በመኪና አስጭነው ነው።

«ክቡር አስተዳዳሪ፣ እኔ አንድ በሬ አለኝ፤ ጎረቤቴም አንድ አለው። በመቀናጆ ጠምደን የሁለታችንንም መሬት እናርሳለን።»

«እንግዲያው ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ገበሬ ናችሁ። ግማሽ ገበሬ አይደጎምም።»

«ሁለት ግማሽ አንድ አይሆንም?»

«አይሆንም! የጎረቤትህ በሬ የሚበላው ከጎረቤትህ ማሳ ነው። ጥማድ የሚባለው ሁለቱም ከአንድ ሰው ማሳ ሲበሉ ነው። በቃ!»

ገበሬው እጅ ነሣ።

«እንዲህ ከሆነማ ይመዝግቡኝ፤ ጥማዴ ሙሉ ነው» አለ። «ከእኔ ማሳ የምትበሉት እርስዎና በሬዬ ናችሁ። እርግጥ የሚያርሰው እሱ ብቻ ነው።»