መቶ ሳጥን

አንድ ቀን፣ ሰኞ ጠዋት ነው፣ ደሴ ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት ያላቸው ጋሽ አሊጋዝ የሠራተኛቸውን የይመርን ደብተር አነሡና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው ይገልጡ ጀመር። ገለጡ፣ ገለጡ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ፣ መልሰው አወረዱ፣ አሁንም ገለጡ። ደብተሩ ከዳር እስከ ዳር ሳጥን ነው። ትንሽ ሳጥን፣ ትልቅ ሳጥን፣ የዘመመ ሳጥን፣ በጎኑ የተኛ ሳጥን።

ጋሽ አሊጋዝ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገርላቸው። ሠራተኛ ቢታመም ቤቱ ድረስ ሄደው ይጠይቃሉ። ችግራቸው አንድ ነው፤ የማያውቁት ነገር የለም። ሐኪሙን ስለ ጥርስ፣ መካኒኩን ስለ ሞተር፣ ገበሬውን ስለ ዝናብ ያስተምራሉ። ወደ እንጨት ሲመጣማ ፊታቸው አፉን የሚከፍት አይገኝም። ሠላሳ ዓመት ሲሠሩ አንድም ቀን ወረቀት ላይ ነድፈው አያውቁም። ደንበኛ «እስቲ መልኩን ያሳዩኝ» ካላቸው ግንባራቸውን በጣታቸው መታ መታ ያደርጉና «ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ» ይላሉ።

ይመር የሚመኘው ደግሞ ደንበኛ የነገረውን ነገር ገና እንጨቱ ሳይቆረጥ ስሎ ማሳየት ነው። ለዚህም ሥራ ቤቱ ውስጥ የራሱ የሆነች አንዲት የሥዕል ጠረጴዛ ብትኖረው ደስታውን አይችለውም። እናም ከአምስት ወር በፊት በስልኩ የሥዕል ትምህርት ጀመረ። አስተማሪው በቪዲዮ ያስተምራል፤ ተማሪው በራሱ ፍጥነት ይሄዳል። መጀመሪያ ያለ ማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር፣ ቀጥሎ ክብ፣ ከዚያ መቶ ሳጥን። በእስክሪብቶ ብቻ፤ ላጲስ ክልክል ነው። ይመር በየምሳ ሰዓቱ ዳቦውን ቶሎ ቶሎ ይጎርስና የእንጨት ፍቅፋቂው ላይ ቁጭ ብሎ ሳጥኑን ይስላል።

«አምስት ወር ሙሉ የተማርከው ይሄንን ነው?» አሉ ጋሽ አሊጋዝ።

«አዎ ጋሼ። አሁን ሰባ ሦስተኛው ላይ ነኝ።»

«ፈተናው መቼ ነው?»

«ፈተና የለውም። የሠራሁትን ራሴ አየዋለሁ፤ ደህና ነው ካልኩ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ።»

«ራስህ ተማሪ፣ ራስህ ፈታኝ! ታዲያ እስካሁን ሰዓሊ እንዳትሆን ማን ከለከለህ?»

«እኔው ነኛ ጋሼ። ክብ ላይ ሁለት ጊዜ ራሴን ጥያለሁ።»

ቫርኒሽ ቀቢው ኑሩ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ጋሽ አሊጋዝ ግን አልሳቁም። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረጉትና ፈረዱ፤

«ስማ ይመር። ኑሩም ምስክር ይሁን። ከዛሬ ጀምሮ ሳጥን የሆነ ነገር እንዳታሳየኝ። እስከ ቅዳሜ ድረስ ከሳጥን ሌላ ነገር ከሳልክ ጠረጴዛዋን ራሴ ሠርቼ እሰጥሃለሁ። ካልሳልክ ይሄን ትምህርት እዚሁ ፊቴ ከስልክህ ታጠፋዋለህ። ተስማማን?»

«ተስማማን ጋሼ» አለ ይመር። ነገሩ ግን ቀላል አልነበረም። ትምህርቱ እንደሆነ መቶውን ሳጥን ሳይጨርስ ወደ ሌላ አያሳልፈውም፤ ዘሎ ማለፍ ደግሞ ራሱን መዋሸት ነው።

በዚያ ሳምንት ሥራ ቤቱ ውስጥ የሚሠራው የወይዘሮ ዘምዘም ቡፌ ነበር። እሑድ ልጃቸውን ይድራሉ፤ ቡፌው ቅዳሜ ሙሽራዋ ቤት መድረስ አለበት። ሌላ ጊዜ ትልቅ ቡፌ የሚሠራው ላዩና ታቹ ለየብቻ ሆኖ ነው፤ የሚገጣጠመው ደንበኛው ቤት ሲደርስ ነው። ወይዘሮ ዘምዘም ግን ወጥ ቡፌ፣ መጋጠሚያ የሌለው፣ ነው የፈለጉት። ጋሽ አሊጋዝም «እኔ መች ቅጥል እሠራና!» ብለው ተቀበሉ። ደግሞ ሌላ ጊዜ ትልቅ ሥራ ደጅ ላይ ነበር የሚሠሩት፤ አሁን ግን የበልግ ዝናብ አላስወጣ ስላላቸው ቤት ውስጥ ጀመሩት። ቡፌው በየቀኑ እያደገ ጣራውን ሊነካ ምንም አልቀረው።

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት የቪዲዮው አስተማሪ «ዛሬ ዙሪያችሁን ተመልከቱ፤ ያገኛችሁትን ዕቃ ሳጥን አድርጋችሁ፣ ካለበት ቦታ ጋር ሳሉት» አለ። ይመር ቀና ሲል ፊቱ የተገተረው ቡፌው ነው። ሳለው። ሲጨርስ የሆነ ነገር አላማረውም። እንደ ልማዱ ራሱን ጣለና እንደገና ሳለ። ሦስት ጊዜ ሳለው፤ ሦስቱም ጊዜ ያው ሆነ። በመጨረሻ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ሜትሩን አነሣ፤ ለካ፤ ደግሞ ለካ፤ ላብ አጠመቀው።

ረቡዕ ጠዋት ደብተሩን ይዞ ቀረበ።

«ጋሼ፣ አንዴ ይቺን ቢያዩልኝ...»

«ሳጥን ነው?»

«ሳጥን ነው፤ ግን ከጎኑ...»

«ግን የለም! ምን ተባባልን?»

ሐሙስ ደብተሩን ትቶ በአፉ ሊነግራቸው ሞከረ። «ጋሼ፣ ይሄ ቡፌ...» ሲል «አሁን ደግሞ ቡፌ ልታስተምረኝ ነው?» ብለው ግንባራቸውን መታ መታ አደረጉ። «ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ አልኩህ እኮ!» ይመር ከፋው። ስድብ ቢሆን ይሻለው ነበር። ወደ መላጊያው ተመለሰ።

ቅዳሜ አይሱዙው መጣ፤ አራት ጫኞች ወረዱ፤ ወይዘሮ ዘምዘምም ከሁለት እህቶቻቸው ጋር ደረሱ። ቡፌው በቫርኒሽ ያብረቀርቃል። ሴቶቹ አደነቁ፤ ጋሽ አሊጋዝ ደረታቸውን ነፉ። ጫኞቹ ተሸክመው ወደ በሩ አመሩና ቆሙ።

አቆሙት፤ አያልፍም። በጎኑ አስተኙት፤ አያልፍም። አዘነበሉት፣ አዞሩት፤ በሩ እንደሆነ ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ነው፤ ቡፌው ደግሞ ቁመቱም ወርዱም በሩን ያስከነዳል።

«ኧረ ግፉት! ትንሽ ነው የቀረው» ይላሉ ጋሽ አሊጋዝ።

«አባት፣ የቀረው ግድግዳው ነው» አለ አንዱ ጫኝ።

ወይዘሮ ዘምዘም ነጠላቸውን አጠበቁ። «አቶ አሊጋዝ፣ ሙሽራዋን እዚህ ላምጣልዎት እንዴ?»

ይሄኔ ኑሩ ሆዬ አላስችል አለው። «ይመር እኮ ማክሰኞ ዕለት ስሎት ነበር» ብሎ ተናገረ።

ጋሽ አሊጋዝ ዞሩ። ሰው ሁሉ ያያል። «አምጣ ደብተሩን!» ብለው ነጠቁና ገጹን አገኙት። ፊታቸው ቀላ። እንዲያው እንዳይሸነፉ ብቻ፣

«ይሄም ሳጥን ነው!» አሉ። «ምን ነበር ያልኩህ? እስከ ቅዳሜ ከሳጥን ሌላ ነገር ሳል አላልኩህም? ይኸው ቅዳሜ ነው። የታለ ሌላው?»

ይመር ቀረብ አለና ጣቱን ከሳጥኑ ጎን አሳረፈ።

«ይኸው ጋሼ፣ በሩን ስያለሁ። እዚያ ውስጥ» አለ ግንባራቸውን በዓይኑ እያመለከተ፣ «በሩ ብቻ ነው የቀረዎት።»

ጫኞቹ ቡፌውን መሬት አስቀምጠው ሳቁ። ወይዘሮ ዘምዘም እንኳ ንዴታቸውን ረስተው በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ጋሽ አሊጋዝ ሥዕሉን አዩ፣ በሩን አዩ፣ ሥዕሉን አዩ። ከዚያ መጋዙን አነሡና ወጡን ቡፌ በገዛ እጃቸው ከወገቡ ለሁለት ከፈሉት። አመሻሹ ላይ ሙሽራዋ ቤት ተገጣጥሞ ቆመ፤ መጋጠሚያውን ያየ ሰው የለም።

ጠረጴዛዋ በሳምንቱ ተሠርታ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ይመር መቶውን ሳጥን ጨርሷል። ጋሽ አሊጋዝም አዲስ ሥራ በመጣ ቁጥር እንጨት ከመቁረጣቸው በፊት ወደዚያች ጠረጴዛ ጎንበስ ይሉና ድምፃቸውን ቀንሰው ይጠይቃሉ፤

«ይመር፣ በሩን ሳልከው?»