ክሪኩን የያዘው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ አህያ በጀርባዋ መሸከም ሰልችቷት አሮጌ የጭነት መኪና በያዘችበት ዘመን፣ ጎረቤቶቿ ጅብና ቀበሮ ነበሩ።

የመኪናው ማርሚታ፣ የጭስ ማውጫው ቱቦ፣ ተበጥሶ መሬት ለመሬት ይጎተት ጀመር። ጭሱ ወደ ውስጥ እየገባ አህያን አሳላት። በማግስቱ ደግሞ ወፍጮ ቤት የምታደርሰው እህል አለ። ማርሚታውን በሽቦ ለማሰር መኪናው ስር መተኛት ግድ ነው። በጀርባ። ሆድ ወደ ላይ።

ጅብ ይህን ሲሰማ ምራቁን ዋጠ።

«አያ ጅቦ፣ መሯሯጥ ምን ያደርግልሃል?» አለችው ቀበሮ። «ሂድና ላግዝሽ በላት። መኪናውን የሚያነሳውን ክሪክ አንተ ያዝ። እሷ ከስር ስትገባ ታላላዋለህ። መኪናው ይገድላል፣ አንተ ትበላለህ፣ እኔም ጉበቷን አልጠላም።»

«ይህን ያህል ቀላል ነው?»

«ላንተ የሚሆነውን ነው የመረጥኩት።»

ጅብ መጣ። «እመት አህይት፣ ጎረቤት ለመቼ ነው? ክሪኩን ለኔ ተዪው።»

«ያዝ» አለችው። ዓይኑ ሆዷ ላይ ማረፉን አይታለች። ግን አልፈራችም፤ የማትለቀው የአሠራር ደንብ ነበራት።

መኪናውን ከዳገቱ አውርዳ ሜዳ ላይ አቆመች። የእጅ ፍሬን ሳበች። ማርሽ አስገባች። የሚነሳው የኋላው ስለሆነ በፊት ጎማዎቹ ግራና ቀኝ፣ ከፊትም ከኋላም፣ ድንጋይ ሸጎጠች። ዝናብ ያራሰው አፈር ክሪኩን እንዳይውጠው ከስሩ ወፍራም ጣውላ አነጠፈች።

ጅብ የክሪኩን ዘንግ ከፍ ዝቅ አደረገ። የመኪናው ኋላ ተነሳ።

«በይ ግቢ።»

«ቆይ» አለችና ሁለት የወይራ ጉማጅ እያንከባለለች አመጣች።

«ምን ያደክምሻል? እዚያ ብሎኬት አለ፤ ቀሊል ነው።»

«ብሎኬት ሆዱ ባዶ ነው፤ ሲጫኑት ይፈርሳል። ሆዱ ባዶ የሆነ አላምንም፤ አንተንም ጨምሮ።»

ጅብ እንደ ሙገሳ ቆጥሮት ሳቀ።

ጉማጆቹን ግራና ቀኝ ከመኪናው ብረት ስር አቆመች። «ትንሽ ዝቅ አድርገው፤ ይቀመጥባቸው።» ጅብ ዝቅ አደረገው። መኪናው ተቀመጠ። አህያ በጎኗ ገፋችው፤ ንቅንቅ አላለም። ያን ጊዜ ገባች።

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል። እሷ ባል አልነበራትም። ጉማጅ ነበራት።

ከስር ሽቦ ሲጠመዘዝ ሲሰማ ጅብ ክሪኩን አላላው። ምንም። ጨርሶ አወጣው። አሁንም ምንም።

«ጉማጁን» አለች ቀበሮ ተደብቃ ከምታይበት ቁጥቋጦ ውስጥ በሹክሹክታ። «ጉማጁን ሳበው።»

ጅብ በደረቱ እየተሳበ ገባና ጉማጁን በጥርሱ ይዞ ይጎትት ጀመር። ወይራው አልሰማውም።

«አያ ጅቦ» አለ አንድ ድምፅ። ከስር አይደለም፤ ከውጭ ነው። አህያ ሥራዋን ጨርሳ በወዲያኛው በኩል ወጥታ የተረፈውን ሽቦ ትጠቀልላለች። «ጉማጁ ቢወጣልህ መኪናው የሚያርፈው ማን ላይ ነው?»

ጅብ አሰበ። ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ ጥርሱን ከጉማጁ ላይ ቀስ ብሎ አነሳ።

«እመት አህይት፣ አደራሽን። እንዳትነኪው።»

«አልነካውም። መኪና ስር ነፍስ ካለ፣ የጅብም ትሁን፣ ሰኮናዬን አላነሳም። ደንቤ ነው። ተረጋግተህ ውጣ።»

ጅብ ወደ ኋላ ተሳበ። ጭራው ወጣ፣ ዳሌው ወጣ፣ በመጨረሻ ጭንቅላቱ። ሊያመሰግናት ዞረ።

አህያ ዞራ ወደ እሱ መጣችና ጎንበስ ብላ ከመኪናው ስር ተመለከተች። «አሁን ማንም የለም» አለችና በሁለት የኋላ እግሮቿ ረገጠችው። ጅብ በአየር ሄዶ ቁጥቋጦው ውስጥ ቀበሮ ላይ አረፈ።

እህሉም በማግስቱ ያለ ሳል ወፍጮ ቤት ደረሰ።

ከዚህ የምንማረው፣ ከከባድ ነገር ስር የሚገባ ሁሉ ነፍሱን ሌላው ለያዘው ክሪክ ሳይሆን በገዛ እጁ አቁሞ ለፈተነው ድጋፍ አደራ መስጠት እንዳለበት ነው።